ከትልቁ ተርፎ ለትንሹ የተሰጠ ዲስክ

ደብዳቤው፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። ኮልፌ አካባቢ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ወርክሾፕ ውስጥ ከገባሁ ሰባት ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት ቱቦላሬ ስቆርጥ የግራይንደሩ ዲስክ ተሰባብሮ ተበተነ። አንዱ ስባሪ ጆሮዬን ታክኮ አልፎ ከኋላዬ የቆመውን ላሜራ መታው። ዲስኩ በትልቁ ግራይንደር ተሠርቶበት ያነሰ ነው። አለቃችን እንዳይጣል ብሎ በትንሹ ላይ ያስገጥመናል። ዲስኩን የሚጋርደው ከቨር አላስገባ ስለሚለው ከተፈታ ቆይቷል። አለቃችን ‹እግዜር አትርፎሃል፣ ቀጥል› አለኝ። ቀጠልኩ። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ማሽኑን ሳነሳ እጄ ይንቀጠቀጣል። ጓደኞቼ ፈሪ ይሉኛል። ለራሴ አንድ ያገለገለ ግራይንደር ከመርካቶ ልገዛ አስቤያለሁ። ምን አይቼ ልግዛ? እንዴትስ ልያዘው? አለቃዬንስ ሳላስቀይም እንዴት ላናግረው? ቢመክሩኝ። ደግሞ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ዓይኑ ከቀላ ሦስት ቀኑ ነው። ብናኝ ነው ብሎ በጨርቅ ጠርጎታል።»

ወንድሜ፣ አንተ መጨረሻ ላይ የጻፍከውን እኔ አስቀድመዋለሁ። ጓደኛህ ዛሬውኑ ዓይን ሐኪም ይይ። ነገ አይደለም፣ ዛሬ። ብረት ስንቆርጥ የምትበረው ፍንጣሪ የጋለች ናት። ዓይን ላይ ስታርፍ ትጣበቃለች። ዓይን ደግሞ እርጥብ ስለሆነ ብረቷ እዚያው መዛግ ትጀምራለች። በአንድ ቀን ውስጥ ዙሪያዋን የዝገት ቀለበት ልትሠራ ትችላለች። በጨርቅ ሲጠርጋት ወይ ይበልጥ ገፍቷታል፣ ወይ የዓይኑን ሽፋን ጭሯል። በየወርክሾፑ በክብሪት እንጨት፣ በምላስ፣ በማግኔት የሚያወጡ ሰዎች አሉ። ለመርዳት ብለው እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ማንም ዓይኑን እንዳይነካው።

ሐኪሙ ማደንዘዣ ጠብታ አድርጎ፣ በማጉያ እያየ ያወጣታል። ብዙ ጊዜ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሲገባ «ብረት ስቆርጥ ነው» ብሎ ይናገር። ይህ ቃል ትልቅ ዋጋ አለው። አንዳንዴ ስባሪው ከላይ ሳይቀር ወደ ዓይን ውስጥ ዘልቆ ይገባል። ያኔ ሕመሙ ቀለል ብሎ ሰውየው የዳነ ይመስለዋል፣ ዓይኑ ግን ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። አዲስ አበባ ስለሆናችሁ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው። ቅርብ ያለ የዓይን ክሊኒክም ይሆናል።

አሁን ወደ አንተ።

እጅህ መንቀጥቀጡ ፍርሃት ነው፣ አዎ። ግን ትክክለኛ ፍርሃት ነው። ሰውነትህ ያየውን አልረሳም። ፈሪ የሚሉህ ልጆች ስባሪው በእነሱ ጆሮ በኩል ስላላለፈ ነው። ፍርሃቱን ለማጥፋት አትታገል። ምክንያቱን እናጥፋው፣ እጅህ ራሱ ይረጋጋል።

ዲስኩ የተሰበረው በዕድል አይደለም። ጥራት ስለሌለውም ላይሆን ይችላል። የዓለም ምርጥ ዲስክም ቢሆን እንደዚያ ከሠራችሁበት ሊሰበር ይችላል። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ።

የትልቁ ግራይንደር ዲስክ አዲስ ሳለ 230 ሚሊ ሜትር ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብበው። በደቂቃ 6,600 ዙር ይላል። ከዚያ በላይ እንዳይዞር ማለት ነው። ትንሹ ግራይንደር ደግሞ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ነው የሚዞረው። ለእሱ የተሠራው የ125 ሚሊ ሜትር ዲስክ 12,200 ዙር ይችላል፣ የ115ቱ ደግሞ 13,300። ክፋቱ፣ የትልቁም የትንሹም መሐል ቀዳዳ አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው። ስለዚህ ዲስኩ ግጥም ብሎ ይገባል። መግባቱ ነው ሰውን ያሳሳተው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ትልቁ ዲስክ አልቆ 18 ሳንቲ ሜትር ቀርቷል እንበል። በትንሹ ማሽን ላይ ሲዞር ጠርዙ በሰዓት 370 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ፋብሪካው የፈቀደለት በሰከንድ 80 ሜትር ነው፣ በሰዓት 288 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። «ትንሽ ብቻ ነው ያለፈው» እንዳትል። ዲስኩን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚበጣጥሰው ኃይል ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር በካሬ ነው የሚያድገው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ያ ዲስክ የተሸከመው ከተፈቀደለት አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነበር። በዚያ ላይ ሲሠራበት የከረመ ነው፣ ምናልባት ወድቆም ያውቃል። ተሰበረ። የግራይንደር አምራቾች በመመሪያቸው ላይ ከትልቅ ማሽን ያለቀ ዲስክ በትንሽ ማሽን ላይ አትጠቀሙ ብለው የሚጽፉት ለዚሁ ነው።

ከቨሩስ ለምን ተፈታ? አንተው ጽፈኸዋል፤ ዲስኩን አላስገባ ስላለው ነው። እስቲ ልብ በል። ከቨሩ እየነገራችሁ ነበር። «ይህ ዲስክ የዚህ ማሽን አይደለም» እያለ ነበር። እናንተ ተናጋሪውን ፈታችሁ አስቀመጣችሁት። ከዚያ ዲስኩ ሲሰበር ስባሪውን የሚይዝ ነገር አልነበረም። ከቨሩ ቢኖር ኖሮ፣ የተዘጋው ወገኑም ወደ አንተ ቢዞር፣ ወደ ጆሮህ የመጣው ስባሪ ብረት ነበር የሚመታው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝ፤ ከቨሩን አስፈትቶ የሚገባ ዲስክ አትግጠም። ከቨር የሌለው ግራይንደርም አታስነሳ። «ከቨር ሥራ ይጋርዳል» የሚሉ አሉ። ለአንተ በሚመች አቅጣጫ አዙረህ ማሰር ትችላለህ። እሱ መፍትሔው ነው እንጂ መፍታቱ አይደለም።

ዲስክ ስትገዛ ሌላም ነገር እይ። መሐሉ ላይ ያለችው የብረት ቀለበት ላይ ወርና ዓመት ታትሞ ታገኛለህ። የሚያበቃበት ጊዜ ነው። ዲስክ የሚሠራው በሙጫ ነው። ሙጫው በጊዜ ብዛትና በእርጥበት ይደክማል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ሦስት ዓመት ነው። ስለዚህ በክረምት እርጥብ ወለል ላይ አታስቀምጠው። ከባድ ብረት አትጫንበት፣ ይጣመማል። ከወደቀ ደግሞ ደህና ቢመስልም ይጣል። አዲስ ስትገጥም ወደ ማንም ሰው ሳይዞር አንድ ደቂቃ ያህል ባዶውን አስነሳው። የሚሰበር ከሆነ ብዙ ጊዜ ያኔ ነው የሚሰበረው። አንተም ከዲስኩ መስመር ወጣ ብለህ ቁም።

የመቁረጫ ዲስክ ለመቁረጥ ብቻ ነው። ቀጭን ነው፣ በጎኑ አይሞረድበትም። ብየዳ ለማስተካከል ወፍራሙ የመሞረጃ ዲስክ አለ። ቸኩለን ዲስክ ላለመቀየር በመቁረጫው ጎን እንሞርዳለን። እኔም ልጅ እያለሁ አድርጌዋለሁ። ስህተት ነበር። የእንጨት መጋዝ ጥርስ ያለውን ዲስክ በግራይንደር ላይ ማሰር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ጥርሱ እንጨት ሲነክስ ማሽኑ ከእጅ ያመልጣል። እግርና እጅ የሚቆርጠው ያ ነው።

ማሽኑ ለምን እንደሚራገጥም እወቅ። ቱቦላሬውን ሁለት ጫፉን አስደግፈህ መሐሉን ከቆረጥክ፣ ብረቱ ወደ ታች ይለመጥና የተቆረጠው ቦታ ይዘጋል። ዲስኩን ይነክሰዋል። ማሽኑ በዚያ ፍጥነት ሲነከስ ወደ አንተ ይመለሳል። ስለዚህ የሚቆረጠው ወገን ተንጠልጥሎ ይቅር። ሲቆረጥ ይውረድ፣ ክፍተቱ ይከፈት። ብረቱን ደግሞ በእግርህ አትርገጥ፣ በሞርሳ እሰረው። የጎን እጀታውን አትፍታ፣ ሁለት እጅ ይኑርበት። አትጫነው። ክብደቱ ራሱ ይቆርጣል። ካልቆረጠ ዲስኩ ትክክለኛው አይደለም ማለት ነው።

አሁን ስለ መብራት ልንገርህ። ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። አንድ ሕንፃ ላይ ስሠራ መብራት ጠፋ። የግራይንደሩ ማብሪያ ገብቶ የሚቆለፍ ዓይነት ነበር። ሳላጠፋው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ሻይ ልጠጣ ዞር አልኩ። መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ ራሱን አስነሳ። ከጠረጴዛው ዘሎ ወለሉ ላይ እየተሽከረከረ እግሬ ሥር መጣ። ሱሪዬን ቀድዶ ጭኔን ጫረኝ። ጠባሳው ዛሬም አለ። አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ቢገባ ኖሮ የጭን ደም ሥር ነበር። እኛ አገር መብራት ሄዶ ይመጣል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ማብሪያውን አጥፋ፣ ቀጥሎ ከሶኬት ንቀል። ስትገዛም ከተቻለህ እስከያዝከው ድረስ ብቻ የሚሠራ፣ ስትለቀው የሚቆም ማብሪያ ያለውን ምረጥ።

ዲስክ ስትቀይርም መንቀል ግዴታ ነው። ማጥፋት አይበቃም። ክንድህ ማብሪያውን ቢነካው ጣቶችህ የት እንዳሉ አስብ።

ኤክስቴንሽን ላይ ብዙ ሰው አያስተውልም። ቀጭን ገመድ ረዝሞ ሲሄድ ኃይሉ መንገድ ላይ ይቀንሳል። ማሽኑ ይደክማል፣ ይግላል፣ ሞተሩ ይቃጠላል። ሰው ግን «የቻይና ነው» ብሎ ማሽኑን ይሰድባል። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ተጠቀም። በመዘውር የተጠቀለለ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ዘርጋው። ተጠቅልሎ ሲሠራ ራሱ ይግላል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል። ባዶ ሽቦ ሶኬት ውስጥ በክብሪት እንጨት መወተፍ ይቅር። ዝናብ ባለበትና ውሃ በተኛበት አትሥራ። ወርክሾፑ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር ወዲያው የሚቆርጥ ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከር ቢኖረው ሕይወት ያተርፋል። ተራው ብሬከር ገመዱን ከመቃጠል ይጠብቃል እንጂ አንተን ከመያዝ አያድንህም።

ያገለገለ ግራይንደር ልትገዛ ነው። ጥሩ። ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት በደንብ እይ። ከቨሩና የጎን እጀታው አብረውት አሉ? ከሌሉ ዋጋው ቢረክስም እለፈው፣ የሚገጥመውን ከቨር ፍለጋ ትደክማለህ። ሰውነቱ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ይነበባል? የዙሩ ቁጥር ከጠፋ ምን ዲስክ እንደሚችል በምን ታውቃለህ? በካሬ ውስጥ ካሬ ያለበት ምልክት ፈልግ። ድርብ መከላከያ አለው ማለት ነው። ሁለት እግር ያለው ሶኬቱም የዚያ ምልክት ነው። ሰውነቱ ከተሰነጠቀና በፕላስተር ከተጠቀለለ ግን ያ መከላከያ የለም።

ቀጥሎ አስነሳው። ሻጩ ሰከንድ አስነስቶ ቢያጠፋው አትቀበል፣ ጥቂት ደቂቃ ይሥራ። በማቀዝቀዣው ቀዳዳ በኩል ወደ ውስጥ እይ። ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ ያለ ነው። እሳቱ ዙሪያውን የሚከብ ከሆነ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦን አልቋል ወይም የሚሽከረከርበት መዳብ ተበልቷል። ካርቦን በርካሽ ይቀየራል፣ መዳቡ ግን ራስ ምታት ነው። የተቃጠለ ሽታ ካለው ተወው። ነቅለህ ዘንጉን በእጅህ ወዘወዝ አድርግ። ከተላወሰ ኩሽኔታው አልቋል። ዲስኩ እየተንቀጠቀጠ ይዞራል፣ የተንቀጠቀጠ ዲስክ ደግሞ ይሰበራል። ገመዱ ከሰውነቱ የሚወጣበትን ቦታ አጥፈህ እይ። ሽቦ የሚበጠሰው እዚያ ነው።

ከገዛኸው በኋላ እንክብካቤው ቀላል ነው፣ ግን በየቀኑ ነው። ማታ ስትጨርስ ነቅለህ አቧራውን በአየር ንፋው። የብረት ብናኝ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ውስጥ ከተጠራቀመ ማሽኑን ያቃጥላል ወይም አንተን ይይዝሃል። ስትነፋ መነፅር አድርግ። ካርቦኑን በየጊዜው አውጥተህ እይ፣ አንዳንዱ ላይ እዚህ ሲደርስ ቀይር የሚል መስመር አለው። ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይር፣ አንዱን ብቻ አይሆንም። ገመዱን ይዘህ አታንጠልጥለው። የጎዳኸውን ገመድ በፕላስተር ከመጠቅለል የተጎዳውን ቆርጠህ እንደገና አሳስረው። ከሥራ በኋላ ሲግል ድንገት አታጥፋው፣ ግማሽ ደቂቃ ያለ ሥራ ይዙር። በራሱ ማራገቢያ ይበርዳል። ዲስኩ ሳይቆም መሬት ላይ አታስቀምጠው።

ስለ አለባበስ አጠር ላድርግ። የዓይን መከላከያ የምልህ ጎኑ የተዘጋውን ነው። የፀሐይ መነፅር አይቆጠርም። ሲቻል ፊት ሙሉ የሚሸፍን ጨምር። የጆሮ መድፈኛ አድርግ፣ የጆሮ ጉዳት አይመለስም። ነጠላ ጫማ አይሆንም። እጅጌህ ተዘርዝሮ፣ አንገትህ ላይ ሻርፕ ተንጠልጥሎ አትሥራ። ጓንትህ እጅህ ላይ ልክ የሆነ የቆዳ ይሁን። ድሪል ስትይዝ ግን ጓንቱን አውልቅ። የሚሽከረከረው መብሻ ጓንቱን ከያዘው ጣትህን ይዞ ይጠመዝዛል።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። በርሜል። ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ ቀለም ወይም ቲነር የነበረበትን ባዶ በርሜል በግራይንደር አትቁረጥ። ባዶ ነው ማለት ውስጡ እንፋሎት የለም ማለት አይደለም። ከሞላው ይልቅ ባዶው ነው የሚፈነዳው። ደንበኛ አምጥቶ «ምጣድ ማስቀመጫ ሥራልኝ» ቢልህ፣ ምን ነበረበት ብለህ ጠይቅ። ካላወቀ አትንካው። ፍንጣሪው ደግሞ አምስትና ስድስት ሜትር ይሄዳል። ጨርቅ፣ ስፖንጅ፣ የብየዳ ጋዝ በዚያ አቅጣጫ እንዳይኖር።

አለቃህን እንዴት ታናግረዋለህ? በሰው ፊት አይሁን። ደንበኛ ባለበት፣ ሥራ በበዛበት ሰዓትም አይሁን። ማታ ሲዘጋ፣ ወይም ሻይ ላይ ስትሆኑ። ያለቀውን ዲስክና አዲሱን የትንሹን ዲስክ ይዘህ ሂድ። «አለቃ፣ አንድ ነገር አይቼ ነው» በለው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጥና ቁጥሩን አሳየው። ማሽኑ ላይ ያለውን 11,000 እና ዲስኩ ላይ ያለውን 6,600 ራሱ ያንብበው። አንተ ጥፋተኛ ነህ አትበለው። እሱም ከአለቃው እንዲሁ ተምሮ ሊሆን ይችላል። ብዙ አለቃ ክፉ አይደለም፣ ቁጠባ መስሎት ነው። አንድ የትንሽ ዲስክ ዋጋ ከአንድ ሰው የሕክምና ወጪ ጋር ሲነጻጸር ምን እንደሆነ እሱ ከአንተ በላይ ያውቃል። ዓይኑ የቀላው ልጅ የት እንደደረሰም ንገረው።

ከዚያ የምትጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ይሁን፤ ያለቀው የትልቁ ዲስክ ወደ ትንሹ አይምጣ፣ ከቨሩ ይመለስ። አንዴ አሥር ነገር ከጠየቅክ ሁሉንም ይተዋቸዋል። የመነፅሩን ጉዳይ በሚቀጥለው ሳምንት ታነሳዋለህ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያስገድዳል። ሠራተኛውም የተሰጠውን እንዲጠቀም ያስገድዳል። ግን አዋጅ ይዘህ አትጀምር። እሱ ኋላ የሚመጣ ነው፣ ካስፈለገ።

እምቢ ካለስ? ሥራ እንደማትጠላ አሳይተህ፣ ያንን ዲስክ ግን እንደማታነሳ ንገረው። «በሌላው ዲስክ እቆርጣለሁ፣ በመጋዝም ቢሆን እቆርጣለሁ» በለው። ሰባት ወር የሠራ፣ እጁ የፈታ ልጅ በቀላሉ አይገኝም፤ እሱም ያውቃል። ያም ካልሆነ ሌላ ወርክሾፕ ፈልግ። ይህን የምለው ሥራ ማግኘት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን በሁለት ዓይንህና በአሥር ጣትህ ሌላ በር ታንኳኳለህ።

ዓይኑ የቀላው ጓደኛህ ሐኪም ዘንድ አልሄድም ካለህ እጁን ይዘህ ውሰደው። ሐኪሙ ምን እንዳለው ጻፍልኝ።